ዳንቴል የለበሰው ቲቪ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ካስትሮ ቫሊ ከተማ፣ እማማ ዘሃራ ሳሎን የገጠምኩት ፍላት ስክሪን ቲቪ በማግስቱ በሪሞት አልከፈት አለ። እማማ ደወሉልኝ። «ወላሂ ምኑንም አልነካሁም! ልጄ ለኔ ብሎ የገዛውን አበላሸሁበት መሰለኝ። ከሥራ ሳይገባ በሞቴ ድረስልኝ!» እየበረርኩ ደረስኩ። ለካስ ከደሴ ያመጡትን ወፍራም ዳንቴል አልብሰውት፣ ጫፉ በጎን ወርዶ የሪሞቱን መቀበያ ሸፍኖታል። ገለጥ ሳደርገው ቲቪው በራ።

«እማማ፣ ዳንቴሉን ቢያነሱትስ?»

«ምነው! ራቁቱን ይቀመጥ?»

ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤላቸው ወጣሁ። በሳምንቱ ደግሞ «ቶሎ ና» አሉኝ። ደንግጬ ሄድኩ። አዲስ ዳንቴል ሠርተው፣ ልክ በመቀበያው ትይዩ ትንሽዬ መስኮት ትተውለታል። «በል እየው፣ እሱም አልተራቆተ፣ ሪሞቱም መንገድ አላጣ» አሉኝ።