ሐዲድ ላይ ስለቆመው አውቶቡስና ስለ ሹፌሯ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ጋሽ ፉጨት»
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ባለ አንድ ፎቁ የኪራይ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 14፣ ከሰዓት በኋላ

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር በዛሬው ዕለት ያየሁትንና ያደረግሁትን ማንም ሳያስገድደኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

የዛሬዋ ሹፌር ወደ እኛ መስመር ከተዛወረች ሰንብታለች፤ ይህን አዲስ አውቶቡስ ስትይዝ ግን የመጀመሪያ ቀኗ ነው። አውቶቡሱ ከመሪው በላይ ካሜራ አለው። ካሜራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሉት ነገር የሚሠራ ሆኖ፣ የተቀመጠው ሰው ሹፌር መሆን አለመሆኑን ፊቱን አይቶ ይለያል። ካልመሰለው ሌባ ነው ብሎ ሞተር ያጠፋል፣ በር ይቆልፋል፣ ለፖሊስም ያሳውቃል። ጠዋት ፊቷን አልቀበል ስላላት የጋራዡ ባለሙያ ራሱ ተቀምጦ አስነሣላት። ከሰዓት አስተካክለዋለሁ፣ እስከዚያ ሞተሩን እንዳታጠፊው ብሏት ሄደ።

ረፋዱ ላይ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ ስንጓዝ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የባቡር ማቋረጫው ላይ ስንደርስ ሐዲዱ እንዳያንገጫግጨን ፍጥነት ቀነሰች። ካሜራው በየጥቂት ሰዓቱ እንደገና ፊት እንደሚያይ ማናችንም አናውቅም ነበር። «ያልታወቀ ሰው» ብሎ ተናገረና ሞተሩን ድርግም አደረገው። ሐዲዱ መሐል ቀረን። በሩን ብጎትተው፣ በእግሬ ብለው፣ አልከፈት አለ።

ወዲያው የማቋረጫው ደወል መጮህ ጀመረ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ፣ ድሮም ሴት ስትይዘው ሳይ ፈርቼ ነበር እያለ ያጉረመርም ጀመር። አንዲት እናት ሕፃኗን በመስኮት ለማውጣት ብትሞክር መስኮቱ ጠበባት። ሹፌሯ ለባለሙያው ደወለች፤ አላነሳም። እኔ አሁንም በሩን እየደበደብኩ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ፊትዎን ያውሱኝ» አለችኝ።

ነገሩ አልገባኝም። ክንዴን ይዛ ወንበሩ ላይ ከጎኗ አስቀመጠችኝና እሷ ከካሜራው እንድትሰወር ጎንበስ ብላ በብብቴ ሥር መሪውን ያዘች። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ እንኳን አውቶቡስ ብስክሌትም ነድቼ አላውቅም። ካሜራው ግን አንዴ አየኝና «እንኳን ደህና መጡ፣ አሽከርካሪ» አለኝ። ሞተሩ ተነሣ።

ካጎነበሰችበት ሆና ፊት ለፊታችን ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ።

«ማንም የለም፣ ንጂው ልጄ» አልኳት።

የወረደውን የማቋረጫ ዘንግ ሰብረን አለፍን። ብዙም ሳንርቅ ባቡሩ ከኋላችን ሲያልፍ የኋላው መስታወት ተንቀጠቀጠ። መሪውን ነክተህ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አልነካሁም፤ ሁለቱም እጆቼ ወንበሩን ጨምድደው ይዘው ነበር።

መንገድ ዳር አቁማ በሩን ከከፈተች በኋላ ሁላችንም ደህና መሆናችንን አንድ በአንድ ጠየቀች። ማንም አልተጎዳም። ሲያጉረመርም የነበረው ሰው የሚጠጣውን ውኃ ሰጣት፤ ተቀብላ ጠጣች።

ፖሊሶች የደረሱት ይህን ጊዜ ነው። አውቶቡስ ተጠልፏል የሚል መልእክት ስለደረሳቸው እሷን አውርደው በካቴና አሰሯት፤ ሹፌሩ እኔ መስያቸው ተጎድቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ከበባቸው። ያ ሲያጉረመርም የነበረው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ፣ ሹፌራችን እሷ ናት፣ ያወጣችንም እሷ ናት አለ። መንጃ ፈቃዷ ታይቶ እጇ ተፈታ።

ኋላ ባለሙያው መጥቶ ከነአለቃው ይቅርታ ጠየቃት። ማሽኑ የተማረው ከሹፌሮች ፎቶ እንደሆነ፣ ፎቶዎቹም ሁሉ የወንድ ስለነበሩ ለእሱ ሹፌር ማለት ወንድ ማለት እንደሆነ ነገረን። ታዲያ ስለ ጋሼ ችሎታ ምን አስተማራችሁት ብላ ጠየቀችው፤ ሁላችንም ሳቅን። ካሜራው ተነቅሎ ወረደ፤ አውቶቡሱንም ራሷ አስነሥታ ሥራዋን ቀጠለች።

ቃሌ ተነቦልኝ ከተናገርኩት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጫለሁ። በሁለት ቦታ «ሹፌሩ አውቶቡሱን አሻገረ» ተብሎ የተጻፈው «ሹፌሯ አውቶቡሱን አሻገረች» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ፣ መርማሪው በእጁ ሰርዞ አስተካክሎልኛል። ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን እንጂ ወሬ አልጨመርኩም፤ ለዚህም ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________