የሄልመር ሮስታድ የዝናብ ደብተር

በዚያ ሐሙስ ፖስታ ቤት የሄድኩት ደብዳቤ ጠብቄ አልነበረም፤ ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱን ሲደበድብ፣ እኔም ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ስመላለስ ነበር የዋልኩት። አሥር ሰዓት ላይ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ይሰበሰባል። የካቲት ላይ የሞተው ባለቤቴ ዌንደል ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የመሠረተው፣ በየሐሙሱ ስለ ሌሎች አገሮች ጉዳይ የምንወያይበት ማኅበር ክፍሉን ይዞ ይቀጥል ወይስ ለብርድ ልብስ ሰፊዎቹ ቡድን ይልቀቅ በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ከአምስቱ የቦርድ አባላት ሁለቱ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ሁለቱ ከሰፊዎቹ ጋር። አምስተኛው ገበሬው ሄልመር ሮስታድ ናቸው፤ ድምፃቸው ለማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

እሳቸው ከልጅ ልጃቸው ከብሪታ ጋር የፖስታ ሣጥናቸው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ብሪታ እርሻ አጥንታ ከዩኒቨርሲቲ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ተምረው ወደ ሞንታና፣ ወደ እኛ የአሜሪካ ግዛት፣ ከሚመለሱት ጥቂት ወጣቶች አንዷ ናት።

«ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ፣ ኮሪን» አሉኝ።

«ለፖስታ ነው የመጣሁት።»

«ሣጥንሽ በዚያ በኩል ነው። አንቺ ያፈጠጥሽው እኔ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ልጠይቅዎ። ድምፅዎ ለማን ነው?»

«ለሰፊዎቹ። እነሱ ቢያንስ የሚያሞቅ ነገር ሠርተው ይወጣሉ። እናንተ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዓለም አወራችሁ። ዓለም አንድ ቀን ሰምቷችሁ ያውቃል?»

«የምንሰማው እኛ ነን እንጂ።»

«ነሐሴ ላይ ሕንዶቹ ምስራችን ላይ ቀረጥ ሲቆልሉ ምን ሰማችሁ? ጎተራዬ እስከ ጣራው ሞልቶ ገዥ አጥቷል። ብስኩት እየበላችሁ ብታወሩ የሕንድን በር ታስከፍቱልኛላችሁ?»

ንዴታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ብሪታ ግማሹን ስንዴ እንዲያደርጉት ብትለምናቸውም፣ በግንቦት መሬታቸውን በሙሉ ምስር ዘርተውበታል። የእኛ ወሬ ደግሞ የማንንም ወደብ እንደማይከፍት አውቃለሁ። የተናገረችው ብሪታ ናት።

«አያቴ፣ የማኅበሩን ደንብ ታውቀዋለህ? አንድን አገር የሚወቅስ ሰው አስቀድሞ የዚያ አገር ሰው ሆኖ መናገር አለበት።»

«የዌንደል ጨዋታ ነው።»

ስሙ ሲጠራ የምይዘው ነገር ፈልጌ ሣጥኔን ከፈትኩ። ባዶ ነበር።

«ጨዋታ ከሆነ ተጫወተው» አለቻቸው። «ሕንድ ውስጥ ምስር የምትዘራ ገበሬ ነህ።»

«እዚህ ፖስታ ቤት ውስጥ? ጃኔት ብትሰማኝስ?»

«ሰምቻለሁ» አለች የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ጃኔት ከመስኮቱ ጀርባ። «ቀጥል፣ ሄልመር።»

ሄልመር ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እሺ። መሬቴ ምን ያህላል?»

«አንድ ሄክታር፣ ቢበዛ ሁለት» አለች ብሪታ።

«እሱማ ፒክአፕ እንኳ አያዞርም። ዝናቡስ?»

«ሁለት ዓመት ደርቆ ከርሞ ባለፈው ዓመት በደንብ ጣለ።»

«እንግዲያው ጎረቤቶቼም ሁሉ አመረቱ። ሁላችንም ባንዴ ገበያ ወጣን፤ ዋጋው ወረደ። ይህ ሳያንሰኝ ወደቡ ላይ የሞንታና ምስር የጫነ መርከብ መጥቶ ይቆማል...» ንግግራቸውን አቋረጡ። እንደገና ሲጀምሩ ቀልዱ ከድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። «መርከቡን እስኪመልስልኝ ድረስ የሚኒስትሩ ደጃፍ ላይ እተኛ ነበር።»

«እነሱም ያደረጉት እንደዚያው ነው» አልኳቸው።

«ዝናቡ መቼ ነበር ያላችሁት?»

«ባለፈው ዓመት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም።»

«እኔ የዘራሁት ግን ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ ማንም አላወቀም?»

«ዌንደል ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የዝናቡን መጠን በክፍላችን ካለው የዓለም ካርታ ጎን ለጥፎ፣ ለከርሞ ምስር ላይ ጠንቀቅ እንበል ብሎ ነበር» አልኳቸው። « አሥራ አንድ ሰው ሰማው። ሁለቱ ግማሽ መሬታቸውን ስንዴ ዘሩ። ምርቱን ሸጦ ጎተራው ባዶ የሆነው ማን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።»

ሄልመር ከካፖርታቸው ኪስ ትንሿን ደብተር አወጡ። ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ አጥራቸው ላይ ያለው መለኪያ የያዘውን ዝናብ በየጠዋቱ የሚጽፉባት ናት።

«አርባ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልዘለልኩም» አሉ። «ባለቤቴ ኢንግሪድ የሞተችበትን ጠዋት እንኳ ጽፌያለሁ።» ወዲያው አዩኝና መናገራቸው ቆጫቸው።

«ስንት ዘንቦ ነበር?» አልኳቸው።

«ምንም። ደረቅ ነበር።»

ከዚያ ብሪታ ክንዳቸውን ያዘች። «አያቴ፣ ምስርህን ያረከሰው ዝናብ አጥርህ ላይ የጣለው አልነበረም።»

ሰዓታቸውን አይተው ወጡ፤ በሩን ነፋሱ ከእጃቸው ነጥቆ አላተመው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ዋናውን መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ውጤቱን ይዛ ያገኘችኝ ብሪታ ናት። ሦስት ለሁለት፤ ክፍሉ የእኛ ሆኖ ይቀጥላል። ለሰፊዎቹ ማክሰኞ ተሰጣቸው፤ ያንን ሐሳብ ያቀረቡትም ሄልመር ናቸው።

የሩቅ አገርን ነገር ማወቅ ለተማረ ሰው ጌጥ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን እንዲህ አየሁት፤ የምናመርተውን የሚበሉት ሰዎች ዝናባቸው፣ ችግራቸውና ፍርሃታቸው እኛ ማሳ ድረስ ይመጣል። ቀድሞ የተረዳ ሰው ምን እንደሚዘራ ያስባል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም የማያውቀውን ገበሬ አይጠላም። ይህ ሁሉ የሚገኘው በሳምንት አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ በመደማመጥ ነው።

በዚያው ምሽት ሄልመር ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ከካርታው ሥር ካለው በቀር ባዶ ወንበር አልነበረም። የዌንደል ነበር፤ ከየካቲት ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ቆመው አዩኝ፤ ሌላውም ሁሉ አየኝ።

«ይቀመጡ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ደብተራቸውን ገልጠው አዲስ ገጽ መካከል ላይ መስመር አሰመሩ፤ በአንደኛው በኩል «እዚህ»፣ በሌላው በኩል «እዚያ» ብለው ጻፉ። ከዚያም መነጽራቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«ዘንድሮስ» አሉ፣ «እዚያ ስንት ጣለ?»