አጭሯ ቤልጅግ

በለስ ቆላ፣ ከወንዙ በላይ ባለች መንደር፣ ከሰዓት በኋላ፤ የጫኔ ሚስት አንጓች ከጠመንጃ ጠጋኙ ከአያ ቢምረው ጎጆ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘግታዋለች።

አንጓች፦ ከባዱን አልፈልግም አልኩዎ እኮ። ቀላል ይምረጡልኝ።

ቢምረው፦ ቀላል ጠመንጃ ለቆቅ ነው። አንቺ የምትይኝ ጎሽ ነው፤ ያውም የቆሰለ።

አንጓች፦ ቀላል ሆኖ ጎሽ የሚጥል የለም?

ቢምረው፦ ቀላል ሆኖ የሚጥል፣ ርካሽ ሆኖ የማይሰበር። የመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። መጀመሪያ በሩን ክፈቺው። ባለእጅ ቤት በር ዘግታ የገባች ሴት ነገ ብታስነጥስ ቢምረው በላት ይሉኛል።

አንጓች፦ ይበሉ። በሩ ከተከፈተ ከልቅሶ ቤት ያዩኛል።

ቢምረው፦ ጠመንጃው ለማን ነው?

አንጓች፦ ለጫኔ ነው እንጂ ለማን ይሆናል።

ቢምረው፦ እንግዲያው ጫኔ ይምጣ። ሰደፍ የሚለካው በተኳሹ ክንድ ነው፤ ከክርኑ እጥፋት እስከ ጣቱ።

አንጓች፦ መውጣት እንደማይችል እያወቁ። ጎሹ የገደላት የሙጭት ወንድሞች ሌሊቱን አጥራችን ሥር ነው ያደሩት። በእኔ ክንድ ይለኩት፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

ቢምረው፦ ጫኔ ይችን በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ነው። አንጓች፣ ልጄ፣ እኔን አትዋሺኝ። ልትተኩሺ ያሰብሽው አንቺ ነሽ።

አንጓች፦ ሌላ ማን አለ?

ቢምረው፦ ወንድ ጠፋ ባገሩ?

አንጓች፦ ወንዶቹማ ልቅሶ ቤት ተቀምጠው «ያቆሰለ ይጨርስ፣ የሰው ግዳይ አንነካም» ይላሉ። መጀመሪያ ደም ያየበት ጫኔ ነው፤ ስለዚህ ጎሹ የጫኔ ነው፤ ጎሹ የጫኔ ከሆነ ሙጭትን የገደላት ጫኔ ነው። ነገሩን እንዲህ አድርገው ነው ያሰሩት።

ቢምረው፦ የማይፈታ አስተሳሰር ነው። ከትናንት በስቲያ «ገዳይ!» እያለ ሲገባ እኔም እዚሁ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። የጎሹን ሬሳ ያየ ሰው ነበር?

አንጓች፦ ደሙን አይቷል። ደም ያየ ገዳይ ነው፤ ደንባችን ነው።

ቢምረው፦ ደንቡ ግዳዩ ደም ላየው ሰው ነው ይላል እንጂ አውሬው ሞቷል አይልም። ጎሽ ደግሞ ደንብ አያውቅም።

አንጓች፦ ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ያለኝን ሁሉ አናቱ ላይ አፈሰስኩለት። የት ወደቀ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሙጭት አጠገቤ ቆማ ታጨበጭብልን ነበር። በማግስቱ እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዙ ወረደች።

ቢምረው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አንጓች፦ ተለቅሞ የሚያልቅ በሆነ። ቅቤው እስካሁን አናቱ ላይ ነው፤ በዚህ ሙቀት ሸቷል። ታጠብ ብለው እምቢ አለኝ። ግድግዳ ሥር ኩርምት ብሎ «የኔው ሞቷል፣ ሙጭትን የገደላት ሌላ ጎሽ ነው» ይላል።

ቢምረው፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አንጓች፦ ተረቱ ስለ ባልየው ነው። ስለ ሚስትየው ያለው ነገር የለም።

ቢምረው፦ ይዘሽው ሽሺ። ሱዳን ሩቅ አይደለም።

አንጓች፦ እሱ ቢሸሽ ደሙ ለልጄ ይተላለፋል። ልጄ ጡት አልጣለም፤ የሙጭት ወንድም ካሴ ደግሞ እስኪያድግ ይጠብቃል እንጂ የእህቱን ደም አይረሳም። ነገ ሰልስቷ ነው፣ አያ ቢምረው። ሽማግሌዎቹ የጎሹ ቀንድ እስከ ሰልስቱ ልቅሶ ቤት ደጃፍ ከተቀመጠ ድንጋይ ተሸክመን ካሴን እንለምናለን፣ እርቅ እናወርዳለን ብለዋል። ካልተቀመጠ አንናገርም ብለዋል። እንግዲህ ይምረጡልኝ።

ቢምረው፦ ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?

አንጓች፦ አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ማሽላ ላይ ዝንጀሮ ስጠብቅ ነው ያደግሁት።

ቢምረው፦ ዝንጀሮ ብትስቺው ይስቅብሻል። ጎሽ አይስቅም። በይ ያንን ጥግ የቆመውን አንሺ።

አንጓች፦ ይኼማ ውጅግራው ነው።

ቢምረው፦ አንሺው አልኩ። ትከሻሽ ላይ አድርጊው። አየሽ፣ አፈሙዙ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

አንጓች፦ ከባድ ነው ብዬዎት ነበር።

ቢምረው፦ አረሩ አውራ ጣቴን ያህላል፤ ያም ሆኖ ለስላሳ እርሳስ ስለሆነ የጎሽ አጥንት ላይ ይጠፈጠፋል። ደግሞ አንድ ብቻ ነው የሚጎርሰው። ሁለተኛውን እስክታጎርሺው ጎሹ ደረትሽ ላይ ነው። ሰደፉም ሲመልስ ትከሻሽን ይዞት ይሄዳል።

አንጓች፦ ታዲያ ለምን አስነሱኝ?

ቢምረው፦ ተስፋ ቆርጠሽ ወደ ቤትሽ እንድትሄጂ።

አንጓች፦ አልሄድም። ያ ቀጭኑስ?

ቢምረው፦ ምንሽር ነው። ለድኩላ ደህና ነው። ጫኔ የተኮሰው በምን ነበር?

አንጓች፦ በምንሽር። ከጥይቶቹ አንዷን ይዣት መጥቻለሁ፤ ይዩዋት።

ቢምረው፦ ጫፏን በሞረድ በልቷታል። ይህን ማን አስተማረው?

አንጓች፦ ነብር አዳኞች። ጫፉ ከተሞረደ ሲገባ ይበተናል፣ ቁስሉ ይሰፋል አሉት።

ቢምረው፦ ለነብር እውነት ነው፤ ነብር ቆዳው ስስ ነው። ጎሽ ላይ ግን ገና ላይኛው ሥጋ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ሳንባ አይደርስ፣ ልብ አይደርስ። ባልሽ ጎሹን ገደልኩት ይላል፤ ያናደደው ነው እንጂ አልገደለውም።

አንጓች፦ እንግዲያው ከወፍራሙ የቀጠነ፣ ከቀጭኑ የወፈረ፣ ክንዴ የሚችለው። እንዲህ ያለ የለም?

ቢምረው፦ የለም።

አንጓች፦ አልጋዎ ሥር በጆንያ የተጠቀለለውስ ምንድን ነው?

ቢምረው፦ ማረሻ ነው።

አንጓች፦ ማረሻ ሰደፍ የለውም።

ቢምረው፦ ተይው አንጓች። የሰው ንብረት ነው። አትፍቺው አልኩ።

አንጓች፦ አጭር ቤልጅግ ናት። አያ ቢምረው፣ ይዩ፣ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠች። አፈሙዟ አልወደቀም።

ቢምረው፦ እያየሁ ነው። ለፈረሰኛ የተሠራች ናት፤ ለዚህ ነው አጭርና ቀላል የሆነችው። አረሯ ልከኛ ነው። ጫፉ ካልተነካ ቆዳውን አልፎ፣ አጥንቱን ሰብሮ፣ ልብ ድረስ ይሄዳል። አምስት ትጎርሳለች። የአገሩን ጠመንጃ ሁሉ አምጥተሽ ብትደረድሪልኝ ለአንቺ ክንድ ከእሷ ሌላ አልመርጥም። ማረሻ ናት ያልኩሽም ለዚሁ ነው።

አንጓች፦ የማን ናት? ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።

ቢምረው፦ እሱ እግር ላይ አትወድቂም።

አንጓች፦ የማን ናት?

ቢምረው፦ የካሴ።

አንጓች፦ የሙጭት ወንድም ካሴ?

ቢምረው፦ ትናንት ከቀብር ሲመለስ ይዟት መጣ። ጥይቷን የምትመታው መርፌ ተሰብራ ነበር። ለነገ አድርስልኝ አለኝ። ለምንህ ነው ብለው፣ «ትልቅ አውሬ ላድንባት ነው፤ ቀላል ናት፣ ባጥር ላይ ቶሎ ትነሳለች» አለኝ። ጎሽ አጥር የለውም፣ አንጓች።

አንጓች፦ ሠርተዋታል?

ቢምረው፦ መርፌዋን ጠዋት ጨረስኳት። አላስገባኋትም፤ ኪሴ ውስጥ ናት። ሲመጣ ብረቱ አልተገኘም ልለው ነበር። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ባቆየው ሐዘኑ ይበርድለታል፣ ሰው ይሰማል ብዬ።

አንጓች፦ ሌላ ጠመንጃ አይበደርም?

ቢምረው፦ አይበደርም። የአባቱ ናት፤ «የእህቴን ደም በአባቴ ጠመንጃ እመልሳለሁ» ብሎ መቃብሯ ላይ ምሏል። መሐላውን አያፈርስም።

አንጓች፦ መርፌዋን ያስገቡልኝ።

ቢምረው፦ የምልሽ ገብቶሻል? ይህችን መርፌ ካስገባሁ ጎሹንም ባልሽንም የምትገድል ጠመንጃ ነው እጅሽ ላይ የማስቀምጠው። ጎሹ ቢጥልሽ ካሴ አጠገብሽ ወድቃ ያገኛታል። ከሬሳሽ ላይ አንስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቤትሽ ነው። በሕይወት ብትመለሺም ጠመንጃዬን ለጠላቴ ሚስት ሰጠኸው ብሎ ጎጆዬን ያነዳታል። ለባለእጅ ጎጆ ማን ይጮህለታል?

አንጓች፦ ማንም። እኔም እስከ ዛሬ አልጮህኩም፤ አልዋሽዎትም።

ቢምረው፦ እውነቱን ስለነገርሽኝ ደስ አለኝ። አልሰጥሽም።

አንጓች፦ መርፌዋን ሁለት ሳምንት ሲደብቁ ሴቶቹ ከየት ይቀዳሉ? ዛሬ ወንዝ የወረደ የለም። ልጆቹ የሚጠጡት የእንስራ ግርጌ ዝቃጭ ነው። ነገ አንዷ ልጇ ሲያለቅስባት ትወርዳለች። ያን ጊዜ የጫኔ ዕዳ ሁለት ሬሳ ነው። በሁለት ሬሳ ላይ የሚለምን ሽማግሌ የለም።

ቢምረው፦ እሱን ሳስብ ነው የዋልኩት።

አንጓች፦ አስበው ምን አሉ?

ቢምረው፦ ወናፉን እያየሁ ዋልኩ።

አንጓች፦ እኔ እፈራለሁ፣ አያ ቢምረው። የት እንደምመታው ይንገሩኝና ፍርሃቴ ቦታ ይያዝ።

ቢምረው፦ ወጣት ሳለሁ ለአዳኞች ጠመንጃ እሸከም ነበር። ብዙ «ገዳይ» ቀብሬያለሁ። አብዛኞቹ ግንባሩን የተኮሱ ናቸው። የጎሽ ግንባር ቀንድ ነው፤ ተይው። ጎኑን ከሰጠሽ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ዝቅ አድርገሽ። ፊት ለፊት ከመጣ አንገቱና ደረቱ የሚጋጠሙበትን። ደሙን ተከትለሽ እንዳትሄጂ። የቆሰለ ጎሽ ዞሮ የራሱ ዱካ አጠገብ ተኝቶ ነው የሚጠብቀው። ከላይ በኩል ተሻገሪና ነፋሱን በፊትሽ እየተቀበልሽ ውረጂ።

አንጓች፦ ምን ያህል ልቅረበው?

ቢምረው፦ ሽታው እስኪደርስሽ።

አንጓች፦ ቢመጣብኝስ?

ቢምረው፦ አትሩጪ። ሙጭት ሮጣ ነበር።

አንጓች፦ አውቃለሁ። መጀመሪያ ያገኘኋት እኔ ነኝ።

ቢምረው፦ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ብትጥዪውም ግዳዩ ያንቺ አይባልም። የመጀመሪያው ደም የጫኔ ነው። ደግሞ ቅቤ የሚቀባው እሱ ነው።

አንጓች፦ ይቀባ። ቀቢ ግን ሌላ ይፈልግ።

ቢምረው፦ ወዲህ አምጫት። እንግዲህ የቢምረው ጎጆ ደህና ሁኚ። ገባች። ሳቢው ምላጩን፤ ሰማሽ? አሁን ትመታለች።

አንጓች፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ቢምረው፦ እሱን ስትመለሺ ንገሪኝ። በምን ሸፍነሽ ልታሳልፊያት ነው?

አንጓች፦ በጆንያው። ምን ተሸከምሽ ካሉኝ ማረሻ ነው እላለሁ።

ቢምረው፦ ውሸቴ ለአንድ ሰው እንኳ ይጥቀም። ጥይቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ካሴ ሞክርባቸው ብሎ እኔ ዘንድ የተዋቸው። አባቱ ሲሞት አምስት ነው የተወለት። ሦስቱን ውሰጂ። ሁለቱ እዚህ ይቅሩ፤ ሲመጣ ሁሉንም ካጣ እኔን ነው የሚያንቀኝ። ለሚያውቅ ሦስት ይበቃል፤ ለማያውቅ አምስቱም አይበቃም።

አንጓች፦ የዚህች ጥይት ሌላ ሰው ዘንድ አይገኝም?

ቢምረው፦ እስከ ዳንግላ ብትሄጂ አታገኚም። ፈልጌ ነበር።

አንጓች፦ እንግዲያው አምስቱንም ይስጡኝ። ጎሹ በመጀመሪያው ቢወድቅልኝ እንኳ የተረፉትን ሬሳው ላይ ተኩሼ እጨርሳቸዋለሁ፤ ካሴ ጠመንጃውን የሚረከበው ባዶዋን ነው።