ጠሪው ሲጎተት

«ልቀቂኝ!» እላለሁ፣ ሴትየዋ አትለቅም። የእጄን አንጓ ጨብጣ በዱባይ ተራ መሀል ትጎትተኛለች፤ ጓደኞቼ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹኛል። ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ስራዬ ለጫማ ሱቅ ገበያተኛ መጥራት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በአፉ ብቻ የሚጠራ ፋራ ነው። ስታልፍ «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ልዩ ጫማ አለ» ብዬ እጇን ያዝኳት። «ልቀቀኝ» አለች። በእኛ ሙያ ይህ ማለት «ትንሽ ሳበኝ» ነው፤ ሳብኳት።

ያኔ ነው እጄን ገልብጣ የያዘችኝ። «ኑ፣ እዩት! ልዩ እቃ ነው፣ መንካት በነጻ!» እያለች በየሱቁ ደጃፍ አዞረችኝ። አንዷ ቲሸርት ሻጭ ጉንጬን ቆንጥጣ «ይሄማ ሰልባጅ ነው፣ ቀንሺበት» ስትል ተራው በሳቅ ፈረሰ።

«እህቴ፣ በናትሽ፣ ሰው እያየን ነው» አልኳት።

«እኔን ስትጎትተኝስ ሰው አያይም ነበር? ለመሆኑ ወንዶቹንም እንዲህ ትጎትታለህ?»

«ኧረ ወንድማ ይማታል!» አመለጠኝ።

እጄን ለቀቀችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች እንዲህ አለችኝ፦ «ጎሽ! ለሴቱ ሁሉ እነግርልሃለሁ፤ ይሄ ልጅ ካልመቱት አይለቅም ብዬ።»