ቀዳዳውን ይቀቡት

እኔ ከእንጨት የሰው ስም እየቀረጽኩ የምኖር ሰው ነኝ። የ‹ቤ›ን እግር ቀለበት ለማውጣት መጀመሪያ ቀጭን ቀዳዳ እበሳና ክር የመሰለውን የመጋዝ ምላጭ በዚያ አሾልካለሁ። በእጅ ድሪል ስበሳ ግን ያዘነብልብኛል። ባለፈው «ቤዛ» የሚል ሊያልቅ የደረሰ ሥራ ካዘነበለው ቀዳዳ ላይ ለሁለት ሲሰነጠቅብኝ፣ ቀጥ ብሎ የሚበሳ ቋሚ ድሪል ልገዛ ልደታ አንድ ሱቅ ገባሁ።

ሻጩ ወጣት ነው። ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ ማሽን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ ሀዲድ ይበሳል። ክብደቱን ይዩት፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ። እኔን ከሀዲድ ጋር ምን አገናኘኝ። ከኪሴ እንደ መርፌ የቀጠነች መብሻ አውጥቼ «ይቺን ይይዛታል? የእንጨት ፊደል ልበሳባት ነው» አልኩት። የማሽኑን አፍ እስከ መጨረሻው አጠበቀው። መብሻዋ ሾልካ ወለሉ ላይ ወደቀች። አፍሮ ዝም ቢል እተወው ነበር።

«ቀዳዳ ምን ያደርግልዎታል? ቦታውን በጥቁር ቀለም ይቀቡት፣ ከሩቅ አይለይም» አለኝ።

መብሻ የሚሸጥ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። «እንግዲያው ማሽኑንም ወረቀት ላይ ሥለህ ስጠኝ፣ ግድግዳ ላይ ልስቀለው» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ፖስተሩ አለን ጋሼ፣ ላምጣልዎት?»