አቶ ቅጣውና የበቆሎው ስውር መርዝ

በቀየት ገበያ አቶ ቅጣው ነክሰው «ይሁን» ያሉትን እህል የሚጠራጠር አልነበረም። አርባ ዓመት እህል ሰፍረዋል፤ ፍሬዋን በጥርሳቸው ቀጭ ሲያደርጓት እርጥበቷን ያውቃሉ። ስለዚህ የወላጆች ኮሚቴ ለተማሪዎች ምሳ የሚሆን በቆሎ ሲፈልግ ምርጫውን ለእሳቸው ተወ። እሳቸውም ጫኔ የተባለ የመርሐቤቴ ገበሬ ያመጣውን አሥር ጆንያ መረጡ።

በዚያው ቅዳሜ ከመሐል ሜዳ የመጣ ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ገበያው ዳር ቆመ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ትርሲት የምትባል የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነበረች። ጥላ ፍለጋ ከጆንያዎቹ አጠገብ ብትቀመጥ፣ ዓይኗ ከፈሰሰው በቆሎ ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ እህል ተመርምሯል?»

«በእኔ ተመርምሯል!» አሉ አቶ ቅጣው ኮራ ብለው።

«ጥርስዎ ብዙ ያውቃል። የሻጋታ መርዝ ግን ጣዕምም ሽታም የለውም። ሻጋታው ታጥቦ ቢሄድ እንኳ መርዙ እፍሬው ውስጥ ይቀራል፤ ቢቆሉትም ቢቀቅሉትም አይለቅም። ጉበትን ቀስ ብሎ ይበላል።»

«አባቶቻችን የሻገተውን ለጠላ፣ የባሰውን ለከብት እያደረጉ እስከ እርጅና ኖረዋል፤ ልጄ።»

«እኛ ያየነው የኖሩትን ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ‹ወፏ ናት› እያልን ከቀበርናቸው ውስጥ ስንቱን ይህ መርዝ እንደወሰደው ማን ያውቃል?»

የአቶ ቅጣው እህት ጥሩሸዋ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ነበር የሞተችው። ሆኖም የአርባ ዓመት ዝና በአንድ ቃል አይጣልም።

ትርሲት ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል መሣሪያና ቀጫጭን ቁራጮች አወጣች። «የስኳር ሕመምተኞች ደማቸውን እንደሚለኩባት ዓይነት ናት። በዚህች ቁራጭ ላይ መርዙን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር ተለጥፏል። መርዙ ሲያዝ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ መሣሪያዋም ለክታ መጠኑን ስልኬ ላይ ታወጣለች።»

«ልፈትናት?»

«ደስ ይለኛል!»

ሽማግሌው ወፍጮ ቤት ደርሰው ሦስት ቋጠሮ ዱቄት ይዘው ተመለሱ። «ይኸው፣ ከሦስት ሰው የመጣ በቆሎ ነው።»

ትርሲት እያንዳንዱን በአልኮል ውሕድ በጥብጣ አጥልላ በየቁራጩ ላይ ጠብ ጠብ አደረገች። ገበያተኛው ከበባት። ሹፌሩ ጎማውን ቀይሮ ጡሩምባ ቢነፋ የሚሰማው ጠፋ፤ በመጨረሻ እሱም ወርዶ አንገቱን አሰገገ።

«አባባ፣ ሦስተኛው ንጹሕ ነው። ሁለቱ ግን መርዛቸው ከሚፈቀደው ስድስት እጥፍ ነው፤ ቁጥራቸውም አንድ ዓይነት። ከሦስት ሰው ነው ያሉኝ? እነዚህ ከአንድ ጆንያ አይደሉም?»

«እግዚኦ! ያዘችኝ!» አሉ አቶ ቅጣው እያጨበጨቡ። «የጫኔን አንዱን ጆንያ ከአፉም ከሆዱም ከታቹም ዝቄ አስፈጭቼ ለሁለት ከፈልኩት! ይህቺ መሣሪያ አትዋሽም!»

ገበያው በሳቅ ተናጠ። ጫኔ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጆቼም የሚበሉት ይህንኑ ነው» አለና ለሚስቱ ሊደውል ስልኩን አወጣ። «ጽዮን! ያንን በቆሎ ለልጆቹ እንዳታቀርቢ! ኋላ እነግርሻለሁ፣ አንሺው ብቻ!»

«ሳይደርቅ ነው የገባው?» አለች ትርሲት በርኅራኄ።

«ዝናቡ ቀደመኝ፤ መሬት ላይ ከመርኩት።»

«ከእንግዲህ አዲሱን እህል ሸራ ላይ አንጥፈው በደንብ ያድርቁት፣ የተሰበረውን ይልቀሙ፣ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርገው ርብራብ ላይ ያስቀምጡ። የተበከለውን ለላም ቢሰጡት መርዙ በወተት ይመለሳል።»

አሥሩም ጆንያ በየተራ ተመረመረ። ሰባቱ ንጹሕ ሆነ፤ ሦስቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። አቶ ቅጣው ድንጋይ ላይ ወጥተው ጮኹ፦ «የቀየት ሰው ስማኝ! እኔ ያሳለፍኩት እህል የልጆቻችሁን ጉበት ሊበላ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያልተለካ በቆሎ ለተማሪ አይቀርብም!»

እነሆ፣ ዕውቀት ሽማግሌን አያዋርድም፤ ያከብራል እንጂ። ኮሚቴው መሣሪያዋን አስመጣ፤ ናሙና የሚዘግኑትም አቶ ቅጣው ራሳቸው ሆኑ። ገበሬው ማድረቅ ለመደ፣ እህሉም መርዝ ተገኝቶበት የሚመለስበት ቀነሰ። ጫኔም በመጪው መኸር በሸራ ያደረቀውን በቆሎ ይዞ መጣ። ንጹሕ መሆኑ ሲነገረው ጆንያውን ትቶ ስልኩን አነሣ፤ «ጽዮን፣ አሁን ለልጆቹ አቅርቢላቸው!»