ያልከፈትኩት ጋዝ

እትዬ፣ ልጆቹ፣ ወዳጅ ዘመዶቹ፣ ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ጎረቤቶቹ፤ ጋሼ አፈር ከመልበሱ በፊት ጥቂት ታገሱኝ። ንግግር አልችልበትም። ከጋሼ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ባትሪ ስንሠራ፣ የሚያወራው እሱ ነበር።

ከጨው በሚገኝ ሶዲየም የሚሠራ ባትሪ ነው። ባትሪው የሚሠራበት ዱቄት ግን ኤሌክትሪክ እንደልብ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጋሼ ከስኳር ጋር ለውሶ፣ አየር በሌለበት ምድጃ ይጋግረዋል፤ ስኳሩ ከሰል ሆኖ እያንዳንዷን ቅንጣት ያለብሳታል። ፊቱ ሁሌ በከሰሉ ስለሚጠቁር «ጋሽ ከሰል» አልነው። ይስቅ ነበር።

እትዬ፣ ስኳር ከቤት እየጠፋ «ይሄ ሰውዬ ተደብቆ እየላሰ ራሱን ሊገድል ነው» ብለሽ ሥራ ቦታ ድረስ መጣሽ፤ ታስታውሻለሽ? ምድጃውን ከፍቶ «ይኸው፣ የሚልሰው ይሄ ነው!» አለሽ። አንቺም እየተቆጣሽ ሳቅሽ።

እንግዲህ ማን ነው ጠዋት ስገባ «አንተ እንቅልፋም፣ መጣህ?» የሚለኝ? ማን ነው ምሳ አብሮኝ የሚበላው? ትናንት ገባሁ። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጋወኑ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱን ላለማየት ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ብቻዬን ቀረሁ ወገኖቼ።

አንድ ነገር ልናገር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ። ስንት ዓመት የለፋበት አዲሱ የዱቄት ቅመራው ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃ የገባ ቀን፣ አየሩን የሚያስወጣውን ጋዝ ሲሊንደር የቀየርኩት እኔ ነኝ። ቀየርኩና መክፈቱን ረሳሁት። አየር ገባ፤ ከሰሉ ነድዶ አለቀ። ዱቄቱ አመድማ ሆኖ ወጣ። ጋሼ ትክ ብሎ አየውና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቅመራው አይሆንም» አለ።

እኔስ ምን አልኩ? ዝም። ምላሴን ምን ያዘው? ፈራሁ፣ ሌላ ምን። ያንን ጥሎ ሦስት ዓመት ሌላ ሲፈልግ ኖረ። አልተሳካለትም።

ከታመመ በኋላ፣ ያንኑ ቅመራ ጋዙን ከፍቼ ደገምኩት። ጥቁር ሆኖ ወጣ። ባትሪው አምስት መቶ ጊዜ ተሞልቶ አልደከመም። ማክሰኞ ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ይዤ ሆስፒታል ሮጥኩ። እጁን ያዝኩት፣ በጆሮው ነገርኩት። ራሱን ስቶ ነበር፤ አልሰማኝም።

ልጆቹ፣ አባታችሁ «ልፋቴ መና ቀረ» እያለ ነው የሄደው። እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ብትቀየሙኝ አይፈረድባችሁም።

ጋሼ፣ አንተ አልተሳሳትክም። ቅመራህ ልክ ነበር። በቁምህ መናገር አቅቶኝ፣ ይኸው ዛሬ ሰው ሁሉ ሰማ፤ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ደህና ሁን።